ስለ አሳኢ ዘንባባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሳኢ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የቀረበ፣ ሙዝ የተከተፈበት ሐምራዊ በረዶ ነው። ዛፉ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኔን ደግሞ ከሳህኑ ይልቅ የሚገርመኝ ዛፉ ነው። ስለዚህ መልሶቹ ወደ ዛፉ ያደላሉ፤ አስቀድሜ ልናገር። ዓመተ ምሕረቶቹና ወራቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ "አካይ" ነው ወይስ "አሳኢ"?

አሳኢ ነው። በፖርቱጋልኛ ሲጻፍ ከሥሯ ጭራ ያላት "ሲ" ፊደል አለችበት። እሷ ፊደል ሁልጊዜ "ስ" ተብላ ነው የምትነበበው። ጭራዋን ያላየ ሰው "አካይ" ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችውን "ኢ" ጠበቅ አድርጋችሁ ጥሩት፤ የብራዚሏ ቤሌም ከተማ ላይ ማንም ይረዳችኋል።

ሳይንሳዊ ስሙ ዩቴርፔ ኦሌራሲያ ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ፊሊፕ ፎን ማርቲየስ ነው፤ ከ1817 እስከ 1820 ብራዚልን ሲዞር የነበረ ሰው። ዩቴርፔ ግሪኮች የሙዚቃ አምላክ የሚሏት ናት። ኦሌራሲያ ደግሞ በላቲን የጓሮ አትክልት ነገርን ይጠቁማል። ከፊሉ ዘፈን፣ ከፊሉ ጎመን። ደስ የሚል ስም ነው።

ዛፉ ምን ይመስላል?

ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው። ግንዱ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ግን 20 ሜትር ያልፋል። አናቱ ላይ እንደ ላባ የተከፋፈሉ፣ ወደ ታች የሚያጎነብሱ ቅጠሎች አሉት። ነፋስ ሲመጣ መላው ግንድ ይወዛወዛል። ከቅጠሎቹ ሥር፣ ግንዱን ተደግፎ፣ መጥረጊያ የመሰለ ዘለላ ይንጠለጠላል። ዘለላው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድቡልቡል ፍሬዎች አሉ፤ ሲበስሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናሉ፣ ላያቸው ላይም ነጣ ያለ ብናኝ የመሰለ ነገር ይታያል። ፍሬዋ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ከዚያች ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ዘር ነው፤ የሚበላው ከላይ ያለው ስስ ልባስ ብቻ ነው።

ነጭ አሳኢ የሚባልም አለ። ነጭ ግን አይደለም፤ ሲበስልም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዓይነት ነው። ጭማቂው ክሬም የመሰለ ቀለም አለው። የለመደው ሰው ከሐምራዊው ያስበልጠዋል።

አገሩ የት ነው?

አማዞን ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባበት አካባቢ። የብራዚሎቹ ፓራ እና አማፓ ግዛቶች፣ የማራዦ ደሴት፣ በቤሌም ዙሪያ የተበተኑት ትንንሽ ደሴቶች። ከዚያ አልፎ በጉያናዎቹ አገሮች፣ በቬኔዝዌላ፣ በትሪኒዳድ፣ እስከ ኮሎምቢያ የፓስፊክ ዳርቻ ድረስ አለ። በሱሪናም ፖዶሲሪ፣ በኮሎምቢያ ናይዲ ይሉታል።

የሚወደው መሬት ቫርዜያ ይባላል። ወንዝ ዳር ያለ፣ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ዝቅተኛ ደን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ውቅያኖሱ ከፍ ሲል ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወንዙም ደኑ ውስጥ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል፣ ደለሉን ግን ትቶ ነው። ነፃ ማዳበሪያ በሉት። ሌላ ዛፍ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። አሳኢ ግን ከግንዱ ግርጌ ከመሬት በላይ ቀያይ ሥሮች ያወጣል፤ በነሱ ነው የሚተነፍሰው።

ሲቆረጥ አይሞትም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የዚህ ዛፍ ታሪክ በሙሉ የሚዞረውም እዚህች ነገር ላይ ነው።

አብዛኛው ዘንባባ ግንዱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያድገውም በአናቱ ብቻ ነው። አናቱን ከቆረጣችሁት አለቀለት። አሳኢ ግን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አንድ ላይ እንደቆሙ አስቡት። ትልቁ ሲወድቅ ታናሹ ብርሃን ያገኝና ሽቅብ ይመዘዛል። ከሥርም ሌላ ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ ፓልሚቶ እንምጣ። ግንዱ አናት ውስጥ፣ ቅጠሎቹ ከሚወጡበት፣ ገና ያልተገለጠ ነጭ ለስላሳ ቡቃያ አለ። ፓልሚቶ የሚሉት እሱን ነው። በውሃና በጨው ተዘፍዝፎ በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ሰላጣ ውስጥ ይገባል። ብራዚል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ፓልሚቶ ይመጣ የነበረው ከዡሳራ ነው። ዡሳራ የአሳኢ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሚበቅለው ግን ወደ ደቡብ፣ በአትላንቲክ ዳርቻው ደን ውስጥ ነው። ግንዱ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓልሚቶውን ማውጣት ማለት ዛፉን መግደል ማለት ነው። ቆረጡ፣ ቆረጡ፣ ደኑ ውስጥ ዡሳራ ጠፋ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አማዞን አፍ መጡ። እዚያ አሳኢን አገኙ። መቁረጡ ቀጠለ። አሳኢን ያተረፈው ያ ከሥር የማቆጥቆጥ ጠባዩ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ እረፍት ሳይሰጡት ደጋግመው የቆረጡት እንደሆነ ይከሳል፣ ግንዱም እየቀጠነ ይሄዳል።

በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። የፍሬው ገበያ ሞቀ። የደሴቱ ሰው ሲያሰላው ዛፉ ተጋድሞ ከሚያስገኘው ይልቅ ቆሞ በየዓመቱ የሚያስገኘው በለጠበት። አሁን ለፓልሚቶ የሚሆነው ሲያሳሱ የሚወገደው ግንድ ነው። ፍሬውን የሚሰጠው ይቀራል፤ እጅግ ረጅሙ ወይም ትርፉ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ከአንድ ሥር ሁለት ጥቅም የሚወጣበት ዛፍ ብዙ አላውቅም።

ሁሉም አሳኢ አንድ ነው?

አይደለም። ወደ ላይኛው አማዞን፣ በአማዞናስ ግዛት "አሳኢ" የሚሉት ዩቴርፔ ፕሬካቶሪያን ነው። እሱ አንድ ግንድ ነው ያለው፤ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ከዡሳራ ፍሬም ተመሳሳይ ሐምራዊ ጭማቂ ይወጣል። እዚህ ገጽ ላይ የማወራው ስለ ባለ ብዙ ግንዱ ነው።

ፍሬው እንዴት ይወርዳል?

በሰው እግር።

ዛፉ ላይ የሚወጣው ሰው ፔኮኜይሮ ይባላል። ፔኮኛ የምትባል ነገር አለችው፤ ከዘንባባ ቅጠል ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተጠመዘዘች ቀለበት ናት። ሁለት እግሮቹን ያስገባባታል። ቀለበቷ በሁለቱ እግሮች መካከል ትወጠርና ግንዱን ትይዛለች። እጁን ያስቀድማል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፣ በእግሩ ይቆነጥጣል፣ ይዘረጋል። እንደገና። 15 ሜትር መውጣት ልምድ ላለው ሰው የአፍታ ጉዳይ ነው። ቢላዋው ወገቡ ላይ ነው።

ከላይ ሲደርስ ዘለላውን ከግርጌው ይቆርጣል። አይጥለውም። ከጣለው ፍሬው ጭቃ ላይ ይበተናል። በአንድ እጁ ይዞት ይወርዳል። ጎበዝ የሆነ ደግሞ አይወርድም፤ ግንዱን ያወዛውዝና ጎረቤቱ ያለውን ግንድ ይዞ ይሻገራል። ለማየት ያምራል። ግን ግንዱ ቀጭን ነው፤ ቀጭን ግንድ ላይ ደግሞ ከባድ ሰው መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት ልጆች ይወጣሉ። የመውደቅ፣ የቢላዋና የእባብ አደጋ ያለበት ሥራ ነው። የአሳኢ ገበያ ሲነሳ ይህን አለመናገር ልክ አይመስለኝም። አሁን ከመሬት ሆኖ ዘለላ የሚቆርጥ ረጅም ዘንግ ያለው መሣሪያ አለ። አጫጭር ዝርያዎችም መጥተዋል፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

መሬት ላይ ፍሬው ከዘለላው በእጅ ተላጦ ፓኔይሮ የሚሉት ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ቅርጫቱ አፉ ላይ በራሱ በአሳኢ ቅጠል ይሸፈናል። ከዚያ ጀልባ።

ለምን ይቸኩላሉ?

ፍሬው ስለማይቆይ። ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ከዚያ ይኮመጥጣል፣ ቀለሙም ይሞታል። ለዚህ ነው ጀልባዎቹ ሌሊት የሚጓዙት። ቤሌም ላይ በቬሮፔዞ ገበያ አጠገብ የአሳኢ ገበያ አለ። ሥራው የሚደራው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ቅርጫቶቹ ከጀልባ ወደ ድንጋዩ ወለል ይወርዳሉ፣ ገዢው እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ይከትታል፣ ከሥር ያለውን ያወጣና ያየዋል። ላይ ላዩን ጥሩ፣ ከታች ጥሬ የሚያደርግ ነጋዴ የትም አለ። ጀንበር ስትወጣ ገበያው አልቋል።

በፓራ ዋናው ወቅት ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጁን ፍሬ ይቀንሳል፣ ዋጋ ይሰቀላል።

ጭማቂው የሚወጣው እንዴት ነው? እንደ ብርቱካን ይጨመቃል?

የሚጨመቅ ነገር የለውም። ፍሬው መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ልባሱ እንዲለሰልስ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ የሚሽከረከሩ ዘንጎች አሉ። ውሃ እየተጨመረበት ፍሬው እርስ በርሱ ይፋጫል። ልባሱ ከዘሩ ይለቅና ከውሃው ጋር በወንፊቱ ያልፋል፤ ዘሩ ይቀራል። ድሮ ይህን በእጅና በወንፊት ነበር የሚሠሩት።

ምን ያህል ውሃ ገባ የሚለው ነው ዋጋውን የሚወስነው። በብራዚል ደንብ ከ14 በመቶ በላይ ጠጣር ነገር ያለው "ወፍራም" ይባላል፤ ከ11 እስከ 14 ያለው "መካከለኛ"፤ ከ8 እስከ 11 ያለው "ቀጭን" ነው። ወፍራሙ ማንኪያ ሊያቆም ምንም አይቀረው።

ቤሌም ውስጥ ይህን የሚሠሩ ትንንሽ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ምልክታቸው ቀይ ባንዲራ ወይም ቀይ ሰሌዳ ነው። ቀይ ከተሰቀለ ዛሬ አሳኢ አለ ማለት ነው።

ጣፋጭ ነው?

አይደለም። ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ። ራሱን ብቻውን ስትቀምሱት አፈር አፈር፣ ለውዝ ለውዝ ይላል። ስኳሩ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስብ አለው፤ ከደረቀ ዱቄቱ 100 ግራም ውስጥ 30 ግራም ገደማው ስብ ነው። አብዛኛው የወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አሰርም በብዛት አለው። ምላስንና ጥርስን ሐምራዊ ያደርጋል።

የፓራ ሰው እንደ ምግብ ነው የሚበላው። የተጠበሰ ዓሣ ወይም የደረቀ ሽሪምፕ ይቀርባል፤ ከጎኑ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አሳኢ፤ ላዩ ላይ ጥርስ ላይ ኮሽ የሚል የካሳቫ ዱቄት ይነሰነሳል። ምሳ ማለት ይህ ነው። ስኳር ልጨምር ወይስ አልጨምር የሚለው እዚያው ቤሌም ውስጥም የሚያጨቃጭቅ ነው።

ከሙዝ፣ ጓራና ከሚባል ፍሬ ሽሮፕና ከበረዶ ጋር መፍጨቱ የመጣው በደቡብ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው፤ በጁዶ መሰሉ የጂዩ ጂትሱ ትግል ሠሪዎችና በባሕር ዳር ስፖርተኞች በኩል። ዓለም ያወቀው ያንን ነው። ጣፋጭነቱ የአሳኢው ሳይሆን የሽሮፑ ነው።

ያከሳል? ካንሰር ይከላከላል? "ተአምረኛ ፍሬ" ይሉታል እኮ።

ይሉታል። አያከሳም።

ሐምራዊ ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ በወይን ፍሬና በቀይ ጎመን ውስጥም አሉ። ጥሩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ "ይህን እንክብል ዋጥ፣ በሁለት ሳምንት ቦርጭህ ይጠፋል" ማለት ግን ሌላ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔቱ በአሳኢ እንክብል ማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። በ2011 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የዜና ገጽ መስለው የአሳኢ ማክሻ የሚሸጡ ድረ ገጾችን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ጋዜጠኛውም የውሸት፣ "እኔም ሞክሬዋለሁ" ያለውም የውሸት። ስብ ያለበትን፣ ጉልበት የሚሰጥ የገበሬ ምግብ ማክሻ ነው ብሎ መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ሐኪም ቤት ውስጥ ያገኘው አንድ እውነተኛ ሥራ ግን አለ። ፍሬው ማንጋኒዝ በብዛት አለው። በዚህ ምክንያት የሐሞት ቧንቧ በኤምአርአይ ሲነሣ ታካሚው ጭማቂውን እንዲጠጣ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ጨጓራና አንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምስሉን እንዳይጋርድ ያደርገዋል። ማስታወቂያ ላይ ይህን የጻፈ አላየሁም።

አሳኢ በሽታ ያስተላልፋል የሚባለውስ?

ይህኛውን በቀልድ አላልፈውም። ትኩስ፣ ያልታከመ አሳኢ የቻጋስ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በሽታውን ያገኘው ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ ነው፤ በ1909። አምጪው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው። ተሸካሚው ደግሞ ደም የሚመጥ፣ ትኋን የሚመስል ግን ተለቅ ያለ ነፍሳት። ነፍሳቱ ዘንባባ ላይ መኖር ይወዳል። ዘለላው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በሌሊት መብራት ስቦት ቅርጫት ውስጥ የሚገባም አለ። ከዚያ ከፍሬው ጋር አብሮ ይፈጫል። የጠጣው ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ፊቱና እግሩ ያብጣል፣ ልቡም ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ በብራዚል አማዞን የሚገኙት አዳዲስ ታማሚዎች አብዛኞቹ በሽታው የያዛቸው በምግብና በመጠጥ በኩል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል፣ ክሎሪን ባለው ውሃ ይዘፈዘፋል፣ እንደገና ይለቀለቃል። በመጨረሻም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ይጠልቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። 10 ሰከንድ ብቻ። የፓራ ግዛት ይህን ለጭማቂ ሱቆች በ2012 ግዴታ አድርጎታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ጥገኛውን ለመግደል የሚያስተማምን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የታሸገ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ "ፓስቸራይዝድ" (በሙቀት የታከመ) የሚል ፈልጉ።

ዘሩስ? ይህ ሁሉ ዘር የት ይገባል?

ጥሩ ጥያቄ። ከፍሬው ክብደት አብዛኛው እሱ ስለሆነ ጭማቂ በተሠራ ቁጥር የዘር ክምር ይቀራል። ቤሌም ውስጥ በየሱቁ ደጃፍ በጆንያ ተሞልቶ ታዩታላችሁ። የጡብና የሸክላ ፋብሪካዎች ምድጃ ላይ በማገዶነት ይነዳል። ይበሰብስና ብስባሽ ይሆናል። ይጸዳል፣ ይበሳል፣ ቀለም ይነከራል፣ የአንገት ጌጥ ይሆናል። ተቆልቶ ተፈጭቶ እንደ ቡና የሚጠጣበት ጊዜም አለ። ቡና ነው ብዬ ግን አልምልም።

ከፍሬና ከፓልሚቶ ሌላ ምን ይሰጣል?

የአሮጌ ግንድ ተሰንጥቆ የቤት ወለልና ግድግዳ ይሆናል፤ በጭቃው ላይ የሚረገጥ ድልድይም ከሱ ይሠራል። ፍሬው የረገፈለት ዘለላ መጥረጊያ ነው። ቅጠሉ ይሸፍናል፣ ይታታል። ከልባሱ ለመዋቢያ የሚሆን አረንጓዴ ዘይት ይወጣል። ፍሬው ደግሞ ለወፍም ነው፤ ቱካን ይውጠውና ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ደኑን የሚተክለው በአብዛኛው ወፍ ነው።

ከዘር እንዴት ይበቅላል?

ትኩስ ዘር፣ እርጥብ ቦታ፣ ጥላ። ሦስቱ ካሉ ይበቅላል።

ትልቁ ስህተት ዘሩን ፀሐይ ላይ አድርቆ ማስቀመጥ ነው። የስንዴ ወይም የበቆሎ ዘር አይደለም፤ ከደረቀ ይሞታል። ልባሱ በወጣ በቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። ለመላክ ከሆነ እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ነው የሚታሸገው። ከሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይጎነቁላል፣ እስከ ሁለት ወር ድረስ እየተንጠባጠበ ይወጣል። በፕላስቲክ ከረጢት ከ4 እስከ 8 ወር ግማሽ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ግማሽ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጀምር ወደ መሬቱ ይወጣል።

ርቀቱ ብዙ ጊዜ 5 በ5 ሜትር ነው። ይህ በሄክታር 400 ሥር ማለት ነው። በልጅነቱ ቀጥተኛ ፀሐይ ያንገበግበዋል፤ ስለዚህ አብረው ሙዝ ይተክላሉ። ሙዙ ጥላም ይሰጣል፣ አሳኢው እስኪደርስ ድረስ ገቢም ይሰጣል። ካካዎም ከሱ ጋር ይስማማል፤ ቀጭን ጥላ ነው ያለው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ማሳሳት ነው። ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ከተዋችሁት እርስ በርሱ ይሻማና ሁሉም ይቀጥናል። በተተከለ ማሳ ላይ በአንድ ሥር ሦስት፣ አራት ግንድ ይበቃል። የሚመረጠው ደግሞ ዕድሜው የተለያየ ነው፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እንዲተካው። ሰው ለመውጣት የሚያስፈራ ቁመት ላይ የደረሰው ይቆረጣል።

የመጀመሪያ ፍሬ በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ይታያል። አበባው ከተከፈተ እስከ መብሰሉ ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። በጠላት በኩል ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ችግኙን ይመለምላል፤ የዘንባባ ነቀዝ ደግሞ ግንዱን ይቦረቡራል።

ውሃ ዳር ያልሆነ መሬት ላይስ ይሆናል?

ይሆናል፣ ውሃ ካመጣችሁለት። የብራዚል የግብርና ምርምር ተቋም ኤምብራፓ ለደረቅ መሬት ብሎ ያወጣቸው ሁለት ዝርያዎች አሉ። ቢአርኤስ ፓራ በ2004 ወጣ። ቀድሞ ያፈራል፣ የመጀመሪያዎቹ ዘለላዎችም ዝቅ ብለው ነው የሚወጡት፤ ቆማችሁ ትቆርጣላችሁ። ቢአርኤስ ፓይ ዴግዋ በ2019 ተከተለ። በመስኖ ሲያዝ ምርቱን በዓመቱ ውስጥ ያከፋፍላል፤ ፍሬ በሚወደድበት ወቅትም ይሰጣል ማለት ነው። ፓይ ዴግዋ በፓራ የአራዳ ቋንቋ "አሪፍ" እንደ ማለት ነው። የመንግሥት ተመራማሪዎች ለዝርያ እንዲህ ያለ ስም ሲያወጡ ደስ ይላል።

አየሩን በተመለከተ ሙቀትና እርጥበት ግድ ነው። በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ነው የለመደው።

ንብ ያስፈልገዋል?

በጣም። አንዱ ዘለላ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ አሉ፤ ግን ወንዴው ቀድሞ ይከፈታል፣ ሴቴዋ ኋላ ትከተላለች። ራሱን በራሱ ማዳቀል ይቸግረዋል ማለት ነው። ዱቄቱን የሚያመላልሱት ትንንሽ ነፍሳት ናቸው፤ በተለይ መናደፊያ የሌላቸው የአገሬው ንቦች፣ ዝንቦችና ጥንዚዛዎች። ንቦቹ ጎጆ የሚሠሩት አሮጌ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዙሪያውን ያለውን ደን የመነጠረ ገበሬ ንቡንም አብሮ አባሯል። ኋላ "ለምን ፍሬ ቀነሰብኝ?" ይላል።

ታዲያ የዓለም ፍላጎት ለደኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ሁለቱም አለ። ዛፉን ቆሞ እንዲጠቅም ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ከብት ለማርባት ከሚመነጠር መሬት ጋር ሲወዳደር ሰማይና ምድር ነው። ግን ገበያው ሲሞቅ ሰው ሌላውን ዛፍ እየቆረጠ አሳኢ ብቻ ይተዋል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ደን ይመስላል። ገብታችሁ ስታዩት ሌላ ነገር የለበትም። ተመራማሪዎች ለዚህ ቃል አውጥተውለታል፤ "አሳኢዛሳዎ" ይሉታል፣ ደኑን አሳኢ ማድረግ እንደ ማለት።

ኤምብራፓ ለቫርዜያ የሚመክረው በሄክታር 400 ገደማ የአሳኢ ሥር አድርጎ ከሌላው ዛፍ ጋር አሰባጥሮ መያዝ ነው። 400 ራሱ ብዙ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ።

በሌላ በኩል ስሙን የወሰደም ነበር። በ2003 አንድ የጃፓን ኩባንያ "አሳኢ" የሚለውን ቃል በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ብራዚሎች ጮኹ፣ በ2007 ተሰረዘ። የሰው ምሳ ስም እንዴት ይመዘገባል?

ስሙ ከየት መጣ?

ከብራዚል ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ ከቱፒ ነው፤ "ውሃ የሚያነባ ፍሬ" የሚል ፍቺ ይሰጡታል። ሰው የሚያወራው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በረሃብ ዘመን ኢታኪ የሚባል አለቃ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ይገደል ብሎ አዘዘ ይባላል። የገዛ ልጁ ኢያሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም አልተማረችም። ኢያሳ ስታለቅስ ሰነበተች። አንድ ሌሊት የሕፃን ለቅሶ ሰማች፣ ወጣች፣ ልጇን ዘንባባ ሥር አየቻት፣ ሮጣ አቀፈቻት። ንጋት ላይ ኢያሳን ግንዱን እንዳቀፈች ሞታ አገኟት። ዓይኗ ወደ ላይ፣ ወደ ጥቋቁሮቹ ፍሬዎች ያይ ነበር። አለቃው ፍሬውን አስለቅሞ ሕዝቡን መገበ፤ ስሟንም ገልብጦ ለዛፉ ሰጠው። ኢያሳን ከኋላ አንብቡት፣ በፖርቱጋልኛ ፊደል አሳኢ ነው።

በሸክላ ማሰሮ ቤት ውስጥ ላብቅለው?

ቅጠሉን ከወደዳችሁት አብቅሉት። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ከሌሎች የቤት እጽዋት በተለየ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ ትንሽ ውሃ ቢቆም አይከፋውም። ደረቅ የማሞቂያ አየር የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል። ብርድ አይችልም፣ ውርጭ ይገድለዋል። ፍሬ ግን አትጠብቁ፤ ፍሬ ለመስጠት ሜትሮችን ማደግ አለበት፣ ጣሪያችሁ ደግሞ አይፈቅድለትም።